«በ4 ሰዓት ገባ»፦ መቼ ማለት ነው ወይስ ምን ያህል?

«መኪናው በ4 ሰዓት ባሕር ዳር ገባ» ሲባል ምን ማለት ነው? ወሬው ከነፋስ መውጫ ስለተነሣ መኪና ከሆነ ዐረፍተ ነገሩ ሁለት ነገር ሊናገር ይችላል። አንዱ፣ ረፋድ ላይ ሰዓቱ 4 ሲል ደረሰ ነው። ሌላው፣ ጉዞው 4 ሰዓት ፈጀ ነው፤ ማለዳ ይነሣ ከቀትር በኋላ የተነገረ የለም። የመጀመሪያው «መቼ?» ለሚል፣ ሁለተኛው «ምን ያህል ቆየ?» ለሚል ጥያቄ መልስ ነው። አማርኛችን ለሁለቱም ያንኑ «በ» እና ያንኑ «ሰዓት» ሰጥቶ ያልፋል፤ ሰሚው ከነገሩ አያያዝ ይለየዋል፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። ፊዚክስ ግን በዚህ አይረካም። ለፊዚክስ የጊዜ ነጥብና የጊዜ ርዝመት፣ ማለትም ቅጽበትና ቆይታ፣ በአንድ ቃል ስለተጠሩ አንድ አይሆኑም፤ ልዩነታቸው የቦታና የርቀት ያህል ነው። ደብረ ታቦር ቦታ ነው፤ ከደብረ ታቦር እስከ ነፋስ መውጫ ያለው ርቀት ግን ቦታ አይደለም። እዚህ የምከራከርለት ነገር አንድ ነው፦ የተፈጥሮ ሕግጋት የሚሠሩት በቆይታ ነው፤ ለቅጽበት ቁጥር የሚሰጠው ሰው ነው፤ ያ ቁጥርም ቢገለጥ ራሱ ቆይታ ሆኖ ይገኛል። ይህን ለማየት ሁለት የሰዓትና ሁለት የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን ይዞ ከሚኖር ሕዝብ የተሻለ የሚመቸው የለም።

ከሰዓቱ እንጀምር። በእኛ አቆጣጠር የጠዋቱ «3 ሰዓት» ከንጋት ወዲህ ሦስት ሰዓት ያህል ማለፉን የሚናገር ስም ነው። ዜሮው ንጋት ነው፤ ዜሮ ብሎ የሚጠራው ስለሌለ 12 ይባላል። ስለዚህ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከነፋስ መውጫ የተነሣ መኪና 4 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ቢገባ፣ የመክፈቻው ዐረፍተ ነገር ሁለት ትርጉሞች ይገጥማሉ፤ ነጥቡም 4፣ ርዝመቱም 4። የገጠሙት ግን መኪናው ቆጠራው በሚጀመርበት ሰዓት ስለተነሣ ብቻ ነው። ያው መኪና 2 ሰዓት ላይ ተነሥቶ 6 ሰዓት ላይ ቢገባ ቆይታው አሁንም 4 ነው፤ የመድረሻው ስም ግን 6 ሆነ። በፈረንጅ ሰዓት የሚመዘግብ ተሳፋሪ ደግሞ ይህንኑ ጉዞ 8 ላይ ተነሣን፣ 12 ላይ ገባን ይላል። በሁለቱ ማስታወሻዎች ውስጥ አንድም የሚመሳሰል ነጥብ የለም፤ ሲቀናነሱ የሚወጣው 4 ግን አንድ ነው። የቆጠራው መነሻ የትም ይሁን የት፣ ሲቀነስ ከሁለቱም ወገን አብሮ ይወድቃል። (ማለዳ ለተነሣው መኪና 12ን ከ4 ቀንሶ ስምንት ጉድለት የሚያገኝ የዋህ አይጠፋም። ሰዓት ክብ ስለሆነ ዞሮ መቁጠር ግድ ነው።)

ነጥብና ርዝመት የተለያየ ዘር መሆናቸው የሚታወቀው በሒሳባቸው ነው። የ4 ሰዓትና የ3 ሰዓት ቆይታ ቢደመሩ የ7 ሰዓት ቆይታ ይሆናሉ፤ ማንም አይከራከርም። መስከረም 17ን ከጥር 11 ጋር መደመር ግን ትርጉም የለውም። መስቀልና ጥምቀት ተደምረው የሚሰጡት በዓል የለም። መቀነስ ይቻላል፤ ከመስቀል እስከ ጥምቀት 114 ቀን ነው። ነጥብ ከነጥብ ሲቀነስ ቆይታ ይወጣል፤ በነጥብ ላይ ቆይታ ሲጨመር ሌላ ነጥብ ይወጣል፤ ነጥብ ከነጥብ ጋር ሲደመር ግን ምንም አይወጣም። እጥፍም እንዲሁ ነው። የ8 ሰዓት ሥራ የ4 ሰዓት ሥራ እጥፍ ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ግን ከረፋዱ 4 ሰዓት እጥፍ አይደለም፤ ፈረንጁ እነዚያኑ ሁለት ቅጽበቶች 2 እና 10 ስለሚላቸው እጥፍነቱ በአንዴ ይፈርሳል። «የሁለት ቀኖች መካከለኛ ይገኝ የለም ወይ? እሱስ በመደመር አይደለም?» የሚል ሊኖር ይችላል። ይገኛል፤ የመስቀልና የጥምቀት እኩሌታ ኅዳር 14 ነው። የተገኘው ግን ሁለቱን ቀኖች ደምሮ ለሁለት በመክፈል ሳይሆን፣ የመካከላቸውን 114 ቀን ለሁለት ከፍሎ 57ቱን በመስከረም 17 ላይ በመጨመር ነው። ስሌቱ የተሠራው በቆይታው ነው።

በጋይንትና በእስቴ ደጋ ለሚኖር ሰው የጉና ተራራ ይህን ሳያስረዳ አይቀርም። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው ሲባል ከባሕር ወለል ተቆጥሮ ነው፤ ያንን ባሕር ግን ከጉና ጫፍ የሚያየው የለም። ከጣና ወለል ቢቆጠር 2,300 ሜትር ያህል ይሆናል። የተራራው ቁጥር ከመነሻው ጋር ይለዋወጣል፤ ተራራውን የሚወጣው ሰው ጉልበት ግን የሚያውቀው የወጣውን ልዩነት ብቻ ነው። ጊዜም እንዲህ ነው።

ይህ ዕውቀት ከውጭ ትምህርት ቤት የመጣ አይምሰለን። ጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ነው፤ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት። ድጓ የዓመቱን በዓላት ተከትሎ የተሰደረ ዜማ ስለሆነ ዛሬ ምን ይባላል የሚለው ጥያቄ ዛሬ የዓመቱ የትኛው ነጥብ ነው ከሚለው አይለይም። ለዚህ መልስ የሚሰጠው የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ስሌቱ ባሕረ ሐሳብ ነው፤ አሠራሩንም ልብ ላለው ሰው ነጥብና ርዝመት ተለይተው የየራሳቸው ስም አላቸው። መባጃ ሐመር ነጥብ ነው፤ የጾመ ነነዌን መግቢያ ይነግራል። ተውሳክ ግን ቀን አይደለም፤ ስሙ እንደሚለው ጭማሪ ነው፤ በመባጃ ሐመር ላይ እየተደመረ የቀሩትን በዓላትና አጽዋማት የሚያወጣ ርዝመት። የዐቢይ ጾም ተውሳክ 14፣ የትንሣኤ 9፣ የጰራቅሊጦስ 28 ነው፤ ሙሉ ወሮቹ ተገድፈው። በ2017 ዓ.ም. ነነዌ የካቲት 3 ገባ፤ 14 ሲጨመር ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ 9 ሲጨመር ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ዋለ። በ2018 ዓ.ም. ነነዌ ጥር 25 ሆነ፤ ትንሣኤም ወደ ሚያዝያ 4 ሄደ። ነጥቦቹ ሁሉ ተንቀሳቀሱ፤ ከነነዌ እስከ ትንሣኤ ያለው 69 ቀን ግን በሁለቱም ዓመት ያው ነው፤ ሁልጊዜም ያው ነው። ግሪኩም ሩሲያዊውም በሌላ ዘመን ስም ቢቆጥሩም በ2017ቱ ትንሣኤ ከእኛ ጋር በአንድ ቀን አክብረዋል። ሊቃውንቱ ዕለትን ለ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን ለ60 ካልዒት፣ ካልዒትን ለ60 ሣልሲት እያሉ እስከ ሳድሲት ሲያወርዱት፣ እያነሱ የሚሄዱት ርዝመቶች ናቸው። አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ አንድ ካልዒት 24 ሰከንድ፣ አንድ ሣልሲት የሰከንድ አራት አሥረኛ ነው። የቱንም ያህል ቢያንሱ ወደ ነጥብ አይለወጡም። ነጥብ ርዝመት የለውም፤ ርዝመት የሌለውን ነገር ደግሞ የሚለካ ሰዓት የለም።

ዘመንን በስሙ መቀነስ ምን ያህል እንደሚያስት ከዚሁ አገር ታሪክ አንድ ማስረጃ ልጥቀስ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን፣ ክብደቱ ሰባት ቶን የሚጠጋውን መድፍ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር የተነሡት መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው፤ መንገዱ በጋይንት በኩል ወደ ዋድላና ደላንታ ደጋ ነበር። በመቅደላ ያረፉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ፈረንጆቹ የመጀመሪያውን ኦክቶበር 10 ቀን 1867፣ ሁለተኛውን ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ብለው ጽፈዋል። ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ለሚያይ፣ ዘመቻው በእኛ መዝገብ በአንድ ዓመት ውስጥ ተጀምሮ አለቀ፤ በእነሱ መዝገብ ከዓመት ወደ ዓመት ተሻገረ። በእኛ ዜሮ ዓመት፣ በእነሱ አንድ ዓመት ማለት ነው? ሁለቱም አይደለም። በእኛ ሲቆጠር ከጥቅምት እስከ መጋቢት ስድስቱ ወር እያንዳንዱ 30 ቀን ነውና 180 ይሆናል፤ ሚያዝያ 6 ሲጨመርበት 186። በፈረንጅ ሲቆጠር የኦክቶበር ቀሪ 21፣ ኖቬምበር 30፣ ዲሴምበር 31፣ ጃንዋሪ 31፣ በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ነበረ፣ ማርች 31፣ ኤፕሪል 13፤ ድምሩ 186። ወሮቹ እኩል አይደሉም፣ አዲስ ዓመቱ ሌላ ነው፣ የዘመኑ ስም በሰባትና በስምንት ዓመት ይራራቃል፤ ከደብረ ታቦር መነሣት እስከ መቅደላው ዕረፍት ያለፈው 186 ቀን ግን ለሁለቱም አንድ ነው። የሰባት ስምንት ዓመቱ ልዩነትም ቢሆን ማንም የኖረው ወይም ያጣው ጊዜ አይደለም። የእስክንድርያ ሊቃውንትና በ6ኛው ክፍለ ዘመን በሮም የነበረው ዲዮናስዮስ የልደተ ክርስቶስን ዓመት በተለያየ ቦታ ስላስቀመጡት የመጣ የመነሻ ልዩነት ነው። «ኢትዮጵያ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀርታለች» እያሉ ለጎብኚ የሚቀልዱ ሰዎች ነጥብንና ርዝመትን ያምታታሉ።

ቆይታ ከቦታ ቦታ፣ ከዘመን ዘመን ተሸክመነው ልንሄድ የምንችለው ነገር ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገባች። አንዱ ሩጫ አመሻሽ ላይ፣ ሌላው ጠዋት ነበር፤ በመካከላቸው 63 ዓመት አለ። ቢሆንም ጎን ለጎን አስቀምጠን ሦስት ደቂቃ ከ23 ሰከንድ እንላለን። የገቡበት ሰዓት ስንት ነበር የሚል ማንም የለም። ፊዚክስም ዓለምን የሚያየው እንደ ሩጫ ዳኛ ነው። የወደቀ ድንጋይ በመጀመሪያው ሰከንድ አምስት ሜትር ያህል ይወርዳል፤ በሁለት ሰከንድ ሃያ ሜትር ያህል። ቀመሩ ውስጥ ያለው ጊዜ ከተለቀቀ ወዲህ ያለፈው ጊዜ ነው፤ ሰኞ ይሁን ዓርብ፣ በላሊበላ ዘመን ይሁን ዛሬ፣ ቀመሩ አይጠይቅም። በክረምት ስማዳ ላይ መብረቅ አይቶ እስከ ነጎድጓዱ የሚቆጥር እረኛ ለሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ብሎ ቢገምት አይሳሳትም፤ ሰዓት ባያስርም፣ ዕለቱን ቢረሳም ስሌቱ ይሠራል። የጥንት ብራና ዕድሜ በካርቦን ሲለካም መሣሪያው ዓመተ ምሕረት አያነብም። ካርቦን 14 በ5,730 ዓመት ውስጥ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ የቀረውን መጠን አይቶ ቆዳው የተገፈፈበት እንስሳ ከሞተ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል፤ ከዛሬ ቀንሶ ቀን የሚያወጣው ሰው ነው።

ኒውተን በዚህ አይስማማም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ፍጹም ጊዜ ማንንም ሳይጠብቅና ከምንም ሳይገናኝ በራሱ እኩል ይፈስሳል አለ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቅጽበት ማንም ባይሰይመውም በዚያ ወራጅ ላይ የራሱ ቦታ አለው። ላይብኒዝ እ.ኤ.አ. በ1715 እና በ1716 ከኒውተን ወዳጅ ከክላርክ ጋር በተጻጻፈው ደብዳቤ መለሰ። ዓለም በሙሉ፣ ከነሰዎቿና ከነሰዓቶቿ፣ ከሆነችበት አንድ ዓመት ቀደም ብላ ተፈጥራ ቢሆን ምን ይለወጥ ነበር? የሚለካ አንዳች ነገር አይለወጥም፤ በክስተቶች መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ እንዳለ ይቀራል። የማይለካ ልዩነት ደግሞ ልዩነት አይደለም። በዚህ ነጥብ ሚዛኑ ለላይብኒዝ ያዘነበለ ይመስለኛል፤ ኋላም ክርክሩ ከፍልስፍና ወጥቶ ሒሳብ ሆነ። ጀርመናዊቷ ኤሚ ኖተር እ.ኤ.አ. በ1918 እንዳረጋገጠችው፣ ሕግጋቱ ለየትኛውም የቆጠራ መነሻ የማያዳሉ ከሆነ ጉልበት አይፈጠርም አይጠፋም የሚለው ሕግ የግድ ይከተላል። ትናንትና ዛሬ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸው፣ ድንጋይ በነጻ ከፍ ብሎ የማይገኝበት ምክንያት ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የደጋ ገበሬ ሊያነሣው የሚችል ጠንካራ ተቃውሞ አለው። «ለእኔ ቀኑ ነው ወሳኙ» ቢል ማን ይከለክለዋል? ገብሱ ለመድረስ የሚፈጅበት ቆይታ አለው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ግን የሚመጣው በቀኑ ነው። ዝናቡ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ዘሩ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ፣ ሰብሉ የራሱን ቆይታ አያሳጥርም፤ ውርጩም አይጠብቅም። ችግሩ የሚፈጠረው በቆይታ የሚሠራና በቀን የሚሠራ ነገር ሲጋጩ ነው፤ ታዲያ ነጥብ በተፈጥሮ ውስጥ አለ ማለት አይደለም? መልሱ፣ «ኅዳር» የሚለው ስም ውርጭ አያመጣም የሚል ነው። ኅዳር ስንል ምድር በፀሐይ ዙሪያ ያለችበትን አቋም በአጭሩ መጥራታችን ነው፤ ሌሊቱ የረዘመበት፣ ሰማዩ የጠራበት፣ መሬት ሙቀቷን የምታጣበት አቋም። አቋሙ ደግሞ ከክረምት ወዲህ ባለፈው ቆይታ ይለካል። ወሩ ፈረንጅ ሆኖ ኖቬምበር ቢባል ውርጩ ያው ነው። ስለዚህ የተጋጩት ሁለት ቆይታዎች ናቸው፤ አንዱ ከዘር ቀን፣ ሌላው ከፀሐይ መመለሻ የተቆጠሩ።

የቀትርም ነገር እንዲሁ ነው። ሰው ጥላውን በእግሩ እየለካ ሰዓት ያውቅ በነበረበት ዘመን ቀትር ማለት ጥላ የሚያጥርበት ቅጽበት ነበር። ዛሬ የኢትዮጵያ ሰዓት የተተከለው ከግሪንዊች በስተ ምሥራቅ 45 ዲግሪ ላይ ባለው መሥመር ነው፤ ነፋስ መውጫ 38 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስላለች በአማካይ ቀትር የሚሆነው 6 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ያህል ላይ ነው። የምድር ዑደት ፍጹም ክብ ስላልሆነና ዘንጓም ስላዘነበለ፣ በጥቅምት መጨረሻ ወደ 6 ሰዓት ከ10፣ በየካቲት መጀመሪያ ወደ 6 ሰዓት ከ40 ይሄዳል። የግድግዳ ሰዓቱና ጥላው በነጥብ ተስማምተው አያውቁም። ከቀትር እስከ ቀትር ያለው ርዝመት ግን ከ24 ሰዓት ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይዛነፍም።

ሌላው ተቃውሞ ከቴክኖሎጂ ይመጣል። ቦታ አመልካች ሳተላይቶች ሰዓታቸውን ለማስማማት ይህን ያህል ለምን ይደክማሉ? አንድ ማይክሮ ሰከንድ ቢስቱ 300 ሜትር ያሳስታሉና፣ ለእነሱ «መቼ» የሕይወት ጉዳይ ነው። እውነት ነው፤ የሚያስፈልጋቸው ግን በአንድ መነሻ መስማማት እንጂ የተወሰነ መነሻ አይደለም። የሳተላይቶቹ ቆጠራ የሚጀምረው ከታኅሣሥ 27 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው፤ የብዙ ኮምፒውተርና ስልክ ቆጠራ ደግሞ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.። በኪሳችን ያለው ስልክ ቀን የሚያውቀው ዜሮ ተብሎ ከተመረጠው ከዚያ ዕለት ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች ቆጥሮ ነው፤ «ዛሬ» የሚለው ጽሑፍ ቁጥሩ በስተመጨረሻ የሚለብሰው ልብስ ነው። እንዲያውም የሳተላይቱ ቆጠራ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ18 ሰከንድ ይቀድማል፤ የምድር መሽከርከር ሲዛነፍ በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ የሚጨመረውን ሰከንድ እሱ አይቀበልምና። በነጥብ 18 ሰከንድ ይለያያሉ፤ መንገድ ግን አያሳስቱም።

«ዓለም ራሷ መጀመሪያ ካላትስ?» የሚለው ከሁሉ ከባዱ ይመስላል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ጽንፈ ዓለሙ ከታላቁ ፍንዳታ ወዲህ 13.8 ቢሊዮን ዓመት እንደሆነው ያሰላሉ። ማንም ሳይስማማበት የተሰጠ ዜሮ ይኸውና ማለት ይቻላል፤ የሙቀት መለኪያ ከበረዶ መቅለጫ ከሚቆጠር ከፍጹም ዜሮ ቢቆጠር እንደሚሻል ሁሉ። እቀበላለሁ፤ ግን 13.8 ቢሊዮን ዓመት ምንድን ነው? ዕድሜ ነው። ዕድሜ ቆይታ እንጂ ቀን አይደለም። መነሻው ቢከበርም የሚለካው ያው ርዝመቱ ሆነ።

እስካሁን ቆይታን ለሁሉም አንድ የሆነ፣ የማይናወጥ ነገር አድርጌ አቀረብኩት። አንስታይን በዚህ ላይ ከባድ እርማት አለው፤ ጉናን እንደገና የሚያስጠራውም ይኸው ነው። በሁለት ክስተቶች መካከል ያለው ቆይታ ሰዓቱ በተጓዘበት መንገድ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1971 ሄፈልና ኪቲንግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አራት የሲዝየም አቶሚክ ሰዓቶችን በመንገደኛ አውሮፕላን ጭነው ዓለምን ዞሩ። ወደ ምሥራቅ ሲዞሩ መሬት ላይ ከቀሩት ሰዓቶች 59 ናኖ ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ቀሩ፤ ወደ ምዕራብ ሲዞሩ 273 ናኖ ሰከንድ ያህል ቀደሙ። ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ከፍታም ሰዓትን ይለውጣል፤ የመሬት ስበት በሚበረታበት ዝቅተኛ ቦታ ሰዓት ይዘገያል። እንግዲህ ሁለት ትክክለኛ አቶሚክ ሰዓቶች ጣና ዳር ተገናኝተው ቢስተካከሉ፣ አንዱ እዚያው ቢቀር፣ ሌላው ጉና ጫፍ ወጥቶ አንድ ዓመት ቆይቶ ቢመለስ፣ የጉናው በ8 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ቀድሞ ይገኛል። መለያየታቸው ለሁለቱም አንድ ክስተት ነው፤ መገናኘታቸውም እንዲሁ፤ በመካከል የኖሩት ቆይታ ግን ሁለት ነው። አንዱም ሰዓት አልተበላሸም።

ይህ ክርክሬን ያፈርሰዋል? የሚያጠራው ይመስለኛል። ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቶ ወገዳ የሚደርስ ሰው በአንድ መንገድ ቢሄድ አጭር፣ በሌላው ቢዞር ረጅም ርቀት ይጓዛል፤ ሁለቱ ከተሞች ግን አልተንቀሳቀሱም። መንገዱን የለካው ገመድም አልዋሸም። ከአንስታይን ወዲህ ቆይታ እንዲህ ያለ የመንገድ ርዝመት ሆነ፤ ክስተቶች ደግሞ እንደ ከተሞቹ ናቸው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላስታ ላሊበላ ላይ ጨረቃ ፀሐይን ቀለበት አድርጋ ስትጋርድ የሆነው ነገር ሆኗል፤ ማንም በምንም ቢቆጥር አይሰርዘውም። ክስተት እውነተኛ ነው፤ «ሰኔ 14» የሚለው ግን ስሙ ነው፤ ፈረንጁ ጁን 21 ቀን 2020 ሲለው ግርዶሹ ሁለት አልሆነም። በክስተቶቹ መካከል የተዘረጋውን መንገድ የሚለካው ደግሞ እያንዳንዱ ሰዓት በራሱ ጉዞ የሚቆጥረው ቆይታ ነው። ኒውተን ለሁሉም አንድ ያደረገው ወራጅ ወደ ብዙ መንገድ ተበተነ፤ ቅጽበት ግን በዚህም መበተን ከስምነት ወደ ተፈጥሮ ሕግ አላደገም። እንዲያውም ዕጣው ከፋ፤ በሩቅ ቦታ «አሁን» ምን እየሆነ ነው የሚለው ጥያቄ ራሱ በተመልካቹ ፍጥነት የሚለዋወጥ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1967 ዓለም አቀፉ ጉባኤ ሰከንድን የሲዝየም አተም 9,192,631,770 ጊዜ የሚርገበገብበት ቆይታ ነው ብሎ ሲደነግግ ከየትኛው ቀን ጀምሮ የሚል ቃል አልጨመረም፤ ቢጨምርም አይጠቅመውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰዓቶቹ ከሲዝየም አልፈው በብርሃን የሚሠሩ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኮሎራዶ ውስጥ በቦልደር ከተማ ከሁለት ሰዓቶች አንዱ 33 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል ፍጥነቱ መጨመሩ ታየ፤ ሁለት የደረጃ እርከን ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 እዚያው ቦልደር በአንድ ሚሊ ሜትር ከፍታ መካከል ያለው ልዩነት ተለካ። አንድ ሜትር ከፍታ ሰዓትን የሚያፈጥነው ከ10 ሺህ ትሪሊዮን አንድ እጅ ገደማ ብቻ ቢሆንም ይነበባል። ስለዚህ ምድርን የሚለኩ ባለሙያዎች አሁን ነገሩን ገልብጠው ይዘውታል፤ ከፍታ ሰዓትን ከለወጠ በሰዓት ከፍታን እንለካለን ብለው። የዚህ ዓይነት ሰዓት አንዱ ጣና ዳር፣ አንዱ ጉና አናት ቢተከልና በብርሃን መስመር ቢያያዙ፣ የሁለቱ አመታት ልዩነት የተራራውን ከፍታ ይናገራል። ለዚያ ልኬት የሚያስፈልገው የአንዱ ሰከንድ ከሌላው ሰከንድ በምን ያህል እንደሚያጥር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ሰዓቶች ያን ዕለት ስንት ሰዓት እንደሚሉ ማንም አይጠይቃቸውም።